ስለ ቫይረስ፣ ስለ ካንሰርና ስለ ሥራዬ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የማስተምረው ደብረ ብርሃን ነው። የምመራመረው በሰው ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ድምፃቸውን አጥፍተው ኖረው በመጨረሻ ካንሰር በሚያመጡ ቫይረሶች ላይ ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከተማሪዎች፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴና ከይፋት ከሚመጡ ሕሙማንና አስታማሚዎች የተሰበሰቡ ናቸው፤ ጥቂቶቹ የዘመዶቼ ናቸው። አንዳንዱ መልስ ረዝሟል፤ በችኮላ ሲመለስ ሰው የሚጎዳበት ጥያቄ ስላለ ነው።

ካንሰር ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ማለት ነው?

አይተላለፍም። የሚተላለፈው ቫይረሱ ነው፤ እሱም ከያዛቸው ሰዎች ውስጥ ካንሰር የሚሆንባቸው ጥቂቶቹ ናቸው፣ ያውም ከብዙ ዓመት በኋላ። ካንሰር የያዘውን ሰው ማስታመም፣ አብሮ መብላት፣ አልጋ ማንጠፍ የሚያስፈራ ነገር የለውም። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 ከተመዘገቡት አዳዲስ የካንሰር ሕመሞች ውስጥ ከመቶ 13 ያህሉ መነሻቸው ተላላፊ ተሕዋስ እንደሆነ ተገምቷል። በድሃ አገሮች ድርሻው ከዚህ ይበልጣል።

የትኞቹ ቫይረሶች ናቸው?

ሄፓታይተስ ቢ እና ሄፓታይተስ ሲ የጉበት ካንሰር ያመጣሉ። ኤች ፒ ቪ የማህፀን በር ካንሰር፣ እንዲሁም የጉሮሮ፣ የፊንጢጣና የወንድ ብልት ካንሰር። ኤፕስታይን-ባር የሚባለው ከአዋቂ ሰው ከመቶ 90 በላይ በሚሆነው ውስጥ ያለ ነው፤ አብዛኛውን ሰው ምንም ሳያደርግ ይኖራል፣ በጥቂቶች ግን የሊምፍ ዕጢና የአፍንጫ ጀርባ ካንሰር ያስነሳል። ካፖሲ ሳርኮማ የተባለውን ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ፣ የደም ካንሰር የሚያመጣው ኤች ቲ ኤል ቪ-1 እና ያልተለመደ የቆዳ ካንሰር የሚያመጣው የመርከል ሕዋስ ቫይረስ ይከተላሉ።

ኤች አይ ቪስ? እሱ የሰውነትን መከላከያ አዳክሞ ለሌሎቹ በር ይከፍታል። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ ሴት በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌላዋ ስድስት እጥፍ ነው።

የጨጓራ ካንሰርን የሚያስከትለው ኤች ፓይሎሪ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ለምን እንደሌለ ተማሪዎች ሁሌም ይጠይቃሉ። እሱ ባክቴሪያ ነው፤ የጎረቤት ክፍል ሥራ ነው።

ቫይረስ ጤነኛውን ሕዋስ እንዴት አድርጎ ነው ወደ ካንሰር የሚለውጠው?

ሁሉም በአንድ መንገድ አይሄዱም። ኤች ፒ ቪን እንውሰድ። በቀወት ቆላ ማሽላ ሲያፈራ ጠባቂ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ይዞ ይቆያል። ፒ53 የሚባለው ፕሮቲን በሕዋስ ውስጥ እንዲህ ያለ ጠባቂ ነው፤ ዘረመሉ የተበላሸ ሕዋስ ሲያይ እንዳይከፈል ያግደዋል፣ የማይታረም ከሆነም እንዲሞት ያዛል። ኤች ፒ ቪ ኢ6 በተባለ ፕሮቲን አማካይነት ይህን ጠባቂ ያስወግደዋል። ኢ7 የተባለው ሁለተኛው ፕሮቲን ደግሞ አር ቢ የተባለውን ሌላ ተቆጣጣሪ ያሰናክላል። ቫይረሱ ይህን የሚያደርገው የሕዋሱን መሣሪያ ተጠቅሞ ለመባዛት ነው፤ ካንሰር ከሆነ በኋላ እንዲያውም እሱ ራሱ መውጫ ያጣል፣ ወደ ሌላ ሰው አይሻገርም። ካንሰር ለሰውም ለቫይረሱም ኪሳራ ነው።

ሄፓታይተስ ቢ ሌላ ነው። መከላከያችን በቫይረሱ የተያዘውን የጉበት ሕዋስ ያጠፋል፣ ጉበት በምትኩ አዲስ ያበቅላል፣ እሱም ይያዛል፣ ይጠፋል። ይህ መፍረስና መሠራት ሠላሳና አርባ ዓመት ሲቀጥል በእያንዳንዱ መከፈል ላይ የዘረመል ስህተት ይጠራቀማል፣ ጉበቱም ጠባሳ ይሆናል። በዚያ ላይ ቫይረሱ የራሱን ዘረመል ቁራጭ በእኛው ዘረመል ውስጥ ይሰነቅራል።

ከዚህ ሁሉ ተማሪ እንዲይዝልኝ የምፈልገው ጊዜውን ነው። በማህፀን በር ቫይረሱ ከገባ በኋላ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። መከላከያዋ በተዳከመና ባልታከመች ሴት ከ5 እስከ 10 ዓመት። በጉበት ከዚያም ይረዝማል። ሥራችን በሙሉ ያለው በዚህ መካከል ነው።

የጉበት ቫይረስ ተገኘብኝ። አለቀልኝ ማለት ነው?

በጣም የምጠየቀው ይኸንን ነው። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ደም ሊለግስ ሄዶ፣ ለውጭ አገር ጉዞ ሲመረመር ወይም በእርግዝና ክትትል ላይ ነው። አሞት አይደለም። «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ተሰጥቶት ምንም ሳይነገረው የተመለሰ ብዙ ነው።

መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ይለይ። ሄፓታይተስ ሲ ከሆነ ዛሬ የሚድን በሽታ ነው፤ በአፍ የሚወሰዱ ክኒኖች አሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ሳምንት ከመቶ 95 በላይ የሚሆነውን ሰው ከቫይረሱ ነፃ ያወጣሉ።

ሄፓታይተስ ቢ ከሆነ ቫይረሱን ጨርሶ የሚያጠፋ መድኃኒት ገና የለም፤ የሚያስተኛው ግን አለ። ቴኖፎቪር ይባላል፣ በቀን አንድ ክኒን ነው። የቫይረሱን መባዛት ስለሚገታ ጉበቱ ያርፋል፣ ወደ ካንሰር የመሄዱ ዕድልም ይቀንሳል። ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ወዲያው መድኃኒት ይጀምር ማለት ግን አይደለም። የጉበት ኢንዛይም፣ የቫይረሱ መጠንና የጠባሳው ደረጃ ታይቶ ሐኪም ይወስናል። መድኃኒት የማያስፈልገውም ቢሆን ክትትል ያስፈልገዋል፤ ጉበቱ ጠባሳ የያዘ ሰው በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ መነሣት አለበት። የጉበት ካንሰር ትንሽ ሳለ ሲገኝ ይቆረጣል። ሆድ አብጦ፣ ዓይን ቢጫ ሆኖ ሲመጣ ግን ብዙ የሚደረግ ነገር አይኖርም።

«አለቀልኝ» ለሚለው፦ በሕፃንነታቸው ተይዘው ከቫይረሱ ጋር ከሚኖሩ ሰዎች ውስጥ፣ ካልታከሙ፣ ከአራት አንዱ ገደማ ናቸው በጉበት ጠባሳ ወይም በካንሰር የሚሞቱት። ይህ ትንሽ ቁጥር ነው ብዬ አላታልልም። ሦስቱ ግን በዚህ አይሞቱም፣ አራተኛውም ቀድሞ ከታወቀ ብዙ ሊደረግለት ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጉርሻ አይከልከል። ሄፓታይተስ ቢ በመብል፣ በመጠጫ፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ነው። የራሱን ሳህንና ኩባያ ለይተው ጓዳ ያስቀመጡለት አባት አጋጥሞኛል፤ ቤተሰቡ ማድረግ የነበረበት መመርመርና ያልተያዘውን ማስከተብ ነበር።

የወፍ በሽታን የምታመጣው የሌሊት ወፍ አይደለችም?

አይደለችም። የሌሊት ወፍ ሽንት ነክቶት ዓይኑ ቢጫ ሆነ የሚለውን በየወረዳው እሰማለሁ፣ አያቴም ትለው ነበር። ዓይን ቢጫ የሚሆነው ጉበት ቢሊሩቢን የሚባለውን ቀለም ማስወገድ ሲያቅተው ነው፤ ምክንያቱ ቫይረስ፣ መድኃኒት፣ አልኮል ወይም የሐሞት መስመር መዘጋት ሊሆን ይችላል። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፦ በሽታው ከወፍ ነው ያለ ሰው በቅጠል ታክሞ ቢጫው ሲለቀው ዳንኩ ይላል። አጣዳፊ ሄፓታይተስ በአብዛኛው ሰው ላይ በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ ምስጋናውን ቅጠሉ ይወስዳል። ቫይረሱ ሳይወጣ የቀረበት ሰው ግን ሕመም ስለማይሰማው ሳያውቅ ይኖራል።

ታዲያ በእኛ አካባቢ ቫይረሱ ከየት ነው የሚመጣው?

ዋናው ልጅነት ላይ ነው። በወሊድ ጊዜ ከእናቱ የተያዘ ሕፃን ከ10 ዘጠኝ ጊዜ ቫይረሱ ዕድሜ ልክ ይቀመጥበታል። አዋቂ ሆኖ የተያዘ ሰው ከመቶ 95 በላይ ራሱ ያስወግደዋል። ይህን ስነግር ሰው አያምነኝም፤ ሕፃን ሲታመም ነው የሚያስፈራው፣ እዚህ ግን አለመታመሙ ነው። የሕፃኑ መከላከያ ቫይረሱን እንደ ጠላት አይቆጥረውም፣ ስለዚህ አይዋጋውም።

ሁለተኛው ስለት ነው። ሄፓታይተስ ቢ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ሰባት ቀን በሕይወት ይቆያል። እንጥል የሚቆረጥበት፣ ግግ የሚወጣበት፣ ግርዛት የሚፈጸምበት፣ ንቅሳት የሚነቀስበትና ዋግምት የሚደረግበት ስለት ከአንዱ ወደ ሌላው ከተላለፈ ቫይረሱም አብሮ ይሄዳል። ፀጉር ቤት በሚላጩበት ጊዜ አዲስ ምላጭ ሲከፈት ይዩ። ከዓይን አፋርነት የተነሣ ዝም የሚል ሰው ብዙ ነው።

በኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው አምስት በሽታ የሚከላከለው መርፌ ውስጥ አለ። እንግዲህ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ልጆች በሕፃንነታቸው የመከተብ ዕድል የነበራቸው የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ከእነሱ ታላላቆች፣ እኔን ጨምሮ፣ ያለ ክትባት ነው ያደግነው። የዓለም ጤና ድርጅት በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ዶዝ እንዲሰጥ ይመክራል፤ የእናትና ልጁን መንገድ የሚዘጋው እሱ ነው።

ጠበል እየተጠመቅሁ ነው። መድኃኒቱን ላቋርጥ?

አያቋርጡ። ሸንኮራ ዮሐንስም ይሂዱ፣ ክኒኑንም ይዘው ይሂዱ። ቴኖፎቪር በድንገት ሲቋረጥ ተኝቶ የነበረው ቫይረስ ይነሣና ጉበቱን በአንድ ጊዜ ሊያቃጥለው ይችላል፤ በዚህ የሚሞት ሰው አለ። ከማውቃቸው ካህናት ስለ መድኃኒት የጠየቅኋቸው ሁሉ «ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው» ብለው ነው የመለሱልኝ። ሰባት ቀን ወይም ሁለት ሱባዔ ለመቆየት የሚሄዱ ከሆነ ቀድመው ለዚያ የሚበቃ ክኒን ይውሰዱ። ጾም ላይ ከሆኑም በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ከማታ ማዕድ ጋር ማድረግ ይቻላል፤ ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት።

አረቄ ለብርዱ ትንሽ ትንሽ ብወስድስ?

ጉበቱ ውስጥ ቫይረስ ላለበት ሰው ትንሽ የሚባል አረቄ የለም። የደብረ ብርሃንን ብርድ አውቀዋለሁ። ጋቢ ይደርቡ። አልኮል ጠባሳውን ያፋጥነዋል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ለየብቻቸው ከሚያደርሱት ጉዳት ይበልጣል።

ጫትም ይጠየቃል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተሠራ ጥናት ጫት አዘውትሮ መቃም ሥር ከሰደደ የጉበት ሕመም ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። የሻገተ ለውዝና በቆሎ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለው፤ ከሄፓታይተስ ቢ ጋር ሲደመር የካንሰሩን ዕድል እጅግ ያባዛዋል። የሻገተውን አጥቦ፣ አሽቶ፣ ቆልቶ መብላት አይጠቅምም። መርዙ በእሳት በቀላሉ አይጠፋም።

የልጃገረዶች ክትባት መካን ያደርጋል ይላሉ። እውነት ነው?

ውሸት ነው። ይህን ወሬ ደብረ ሲና ገበያ ላይም፣ እንደኔው ከተማሩ ሰዎችም ሰምቼዋለሁ። ክትባቱ የኤች ፒ ቪ የላይኛው ቅርፊት ብቻ ነው፤ በውስጡ ዘረመል የለውም፣ ሊባዛም ሊያሳምምም አይችልም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በመላው ዓለም በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶዝ ተሰጥቷል፤ ማህፀን እንደሚዘጋ የሚያሳይ አንድም ማስረጃ አልተገኘም። ማህፀን የሚያስወጣው ካንሰሩ ነው።

በኢትዮጵያ ክትባቱ የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነው። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉት በአንድ ዶዝ ተከትበዋል። ለምን በዚህ ዕድሜ? ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ስለሚተላለፍ ከመድረሱ በፊት መቅደም ያስፈልጋል። «ልጄን ለምን በዚህ ትጠረጥሪያታለሽ?» ያሉኝ አባት ነበሩ። ልጃቸውን አልጠረጠርኳትም። የሚያገባት ሰው ቀድሞ ማንን እንደሚያውቅ እሷም እሳቸውም እኔም አናውቅም።

ውጤቱን ለማየት ስኮትላንድን እንመልከት፦ በ12 እና በ13 ዓመታቸው ሙሉ በሙሉ ከተከተቡት ሴቶች መካከል አንዲትም የማህፀን በር ካንሰር የያዛት እንዳልተገኘች እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ሆኗል።

ዕድሜያቸው ላለፈ እናቶች ምርመራ አለ። በሠለጠነ ባለሙያ በአሴቲክ አሲድ የማህፀን በር ይታያል፤ ነጭ ሆኖ የሚታይ ቦታ ካለ ገና ካንሰር ሳይሆን በዚያው ቀን ሊታከም ይችላል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት፣ ኤች አይ ቪ ያለባት ደግሞ ከ25 ጀምራ፣ ሳትታመም ትመርመር። አያምም። የሚያሳፍረው ከወሊድ አይበልጥም።

«አንቺ ልጅ፣ ዶክተር ከተባልሽ ለምን መድኃኒት አታዥልኝም?»

አክስቴ ናት፣ ከመሐል ሜዳ። እትዬ፣ እኔ የትምህርት ዶክተር ነኝ። የማየው ደሙን ነው፤ ሕመምተኛውን የሚያየው ሌላ ሰው ነው። ጉልበትሽን ለሐኪም አሳዪ።

የቫይረስ ተመራማሪ ለመሆን ምን መማር አለብኝ?

በአገራችን አብዛኞቻችን የመጣነው በሜዲካል ላቦራቶሪ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከዚያ በሜዲካል ማይክሮባዮሎጂ ማስተርስና ፒኤችዲ ነው። ከሕክምና፣ ከባዮሎጂ፣ ከእንስሳት ሕክምናም የመጡ አሉ፤ የእንስሳት ሐኪሞች እንዲያውም ስለ ቫይረስ ከብዙዎቻችን ቀድመው ያውቃሉ። ለሥልጠና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይጠቅማሉ።

ግን ምክር ከጠየቃችሁኝ ሁለት ነገር አጥብቁ። አንዱ ስታቲስቲክስ ነው። ተማሪ ሁሉ የቫይረስን ዘረመል አባዝቶ የሚለየውን ፒ ሲ አር ማሽን መንካት ይፈልጋል፤ ያገኘው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። ሁለተኛው የዘርፉን ታሪክ ማንበብ ነው። የመጀመሪያ ትምህርቴን የምጀምረው በፔይተን ራውስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 የዶሮ ዕጢ ፈጭቶ ሕዋስ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጣርቶ ጭማቂውን ወደ ጤነኛ ዶሮ ሲወጋ ዕጢው እንደገና በቀለ። የሚያምነው አጣ፤ የዶሮ ነገር ነው ተባለ። ኖቤል ሽልማት የተሰጠው በ1966፣ በ87 ዓመቱ ነበር። ከዚህ ተማሪዎቼ «ታገሥ» የሚል ትምህርት ይወስዳሉ፤ እኔ የምፈልገው ግን ማጣሪያውን እንዲያዩ ነው። ባክቴሪያም ሕዋስም እንዳልሆነ ያረጋገጠበት ብልሃት ያ ነው።

ሰሜን ሸዋ ላለን ከሁሉ የሚቀርበን ደግሞ ዴኒስ በርኪት ነው። ኡጋንዳ ውስጥ ይሠራ የነበረ ቀዶ ሐኪም ነው። የልጆችን መንጋጋ የሚያሳብጥ ዕጢ እ.ኤ.አ. በ1958 ጽፎ አወጣ። ከዚያ አሮጌ መኪና ይዞ በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ሆስፒታሎች እየዞረ «ይህን ዕጢ አይታችኋል?» እያለ ጠየቀ፣ በካርታ ላይም ምልክት አደረገ። ዕጢው ሞቃትና ዝናባማ በሆነው ዝቅተኛ ቦታ በዝቶ ደጋው ላይ ጠፋ። ኤፕስታይን፣ አቾንግና ባር በ1964 ከዚያ ዕጢ ዛሬ ኤፕስታይን-ባር የሚባለውን ቫይረስ አገኙ። ቫይረሱ ግን በየአገሩ ስላለ ለብቻው ካርታውን አያብራራም፤ ኋላ ላይ ወባ ተጨማሪ ምክንያት ሆኖ ተገኘ። ከደብረ ብርሃን ተነሥታችሁ ጣርማበርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከ2,800 ሜትር ገደማ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዳችኋል። በግማሽ ቀን ውስጥ የበርኪትን ካርታ በሙሉ መኪና ላይ ተቀምጦ ማየት ይቻላል፤ እንዲህ ያለ አገር ያለው ተመራማሪ ጥያቄ አያጣም።

ከራውስና ከበርኪት ቀጥሎ የማስተምረው ሦስተኛው ታሪክ የታይዋን ጥናት ነው። ቢዝሊ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ 22,707 ወንዶችን ተከታተሉ፤ ሄፓታይተስ ቢ በደማቸው የተገኘባቸው በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ 223 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1981 ታተመ። በ1984 ታይዋን ሕፃናቷን መከተብ ጀመረች፣ ከ6 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የጉበት ካንሰር በግማሽ ገደማ ወረደ። ይህን ሳስተምር ክፍሉ ጸጥ ይላል። የካንሰር ክትባት መኖሩን ሰምተው የማያውቁ አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ራሳቸው በሕፃንነታቸው ተከትበዋል።

ቀኑን ሙሉ ምን ትሠሪያለሽ?

ከሚታሰበው ያነሰ ላቦራቶሪ፣ ከሚታሰበው የበለጠ ወረቀት። የምርምር ሐሳብ ይጻፋል፣ ኢቲካል ክሊራንስ (የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ) ይጠየቃል፣ ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ይታዘዛል፣ ይጠበቃል፣ ይጠበቃል። ሲመጣ የአገልግሎት ጊዜው ሊያልፍ ትንሽ የቀረው ሊሆን ይችላል። ናሙና ከወረዳ በአይስ ቦክስ ይመጣል፤ መንገድ ሲዘጋ ይቀራል። ለዚህ ነው በወረቀት ላይ የሚደርቅ የደም ጠብታ የምወደው፤ ከመንዝ ያለ በረዶ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ ሴንትሪፉጅ፣ ፒፔት፣ ኤላይዛ፣ ፒ ሲ አር።

አንዳንድ ሰው በደብረ ብርሃን ብርድ ፍሪጅ አያስፈልግሽም ብሎ ይቀልድብኛል። ናሙና የሚቀመጠው ከዜሮ በታች በ80 ዲግሪ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ካልተነሣ ውርጩ አያድነውም።

የቀረው ማስተማር ነው። ከሰዓት በኋላ የተማሪ ጥናት አርማለሁ።

ቫይረሱ እንዳይዝሽ አትፈሪም?

እጠነቀቃለሁ። እነዚህ በአየር የሚበሩ አይደሉም። ጓንት፣ ጋውን፣ የደኅንነት ካቢኔት፣ መርፌን መልሶ ያለመክደን፣ የፈሰሰን ደም በበረኪና ማጽዳት። ሦስት ዶዝ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ያልወሰደ ተማሪ ላቦራቶሪዬ አይገባም፤ ይህን እንደ ጭካኔ የሚቆጥር አለ። በመርፌ ለተወጋ ያልተከተበ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ከኤች አይ ቪ ይልቅ ብዙ እጥፍ በቀላሉ ይተላለፋል።

ለምን አዲስ አበባ ወይም ውጭ አትሄጂም?

አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ማሽን ሲያስፈልገኝ እሄዳለሁ። ሕመምተኞቹ ግን እዚህ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ሲከፈት ከዚህ አውራጃ የመጣ የጉበት ሕመምተኛ በየትኛውም ጥናት ውስጥ እምብዛም አልነበረም። ውጭም ተምሬ አውቃለሁ፤ እዚያ ያለው ላቦራቶሪ ያስቀናል፣ ጥያቄው ግን የራሳቸው ነው።

ደመወዙስ?

የመምህር ደመወዝ ነው። ሌላውን ከመምህራን ጠይቁ።

በዘርፉ ገና ያልተፈታው ምንድን ነው?

የእኔ ምኞት የሄፓታይተስ ቢ ፈውስ ነው። ቫይረሱ በጉበት ሕዋስ እምብርት ውስጥ ክብ ሆኖ የተዘጋ ዘረመል ያስቀምጣል። ቴኖፎቪር ቅጂው እንዳይባዛ ያደርጋል፣ ያንን ዋናውን ግን አይነካውም። ለዚህ ነው መድኃኒቱ ሲቆም ቫይረሱ የሚመለሰው። ቫይረሱ ወደ ሕዋስ የሚገባበት በር ራሱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በዓለም ላይ በ2022 ከሄፓታይተስ ቢ ጋር የሚኖር ሰው 254 ሚሊዮን ተገምቷል፤ አብዛኛው መያዙን አያውቅም። ስለዚህ ፈውሱ ነገ ቢገኝ እንኳ የምንሰጠው ለማን እንደሆነ አናውቅም። እኔ በዚህ የተነሣ ከሞለኪዩል ወደ ቆጠራ እያዘነበልኩ መጥቻለሁ፤ ጓደኞቼ ሳይንስ ተወች ይሉኛል።

ምልክት ሳይኖረው መመርመር ያለበት ማነው?

ነፍሰ ጡር ሁሉ፣ በመጀመሪያው ክትትል። ከ1999 ዓ.ም. በፊት የተወለደና ተመርምሮ የማያውቅ ሰው። እናቱ፣ ወንድሙ፣ እህቱ ወይም የትዳር ጓደኛው ጉበት ቫይረስ ያለበት። በቤተሰቡ በጉበት ሕመም ወይም ሆድ በማበጥ የሞተ ሰው ያለ። ኤች አይ ቪ ያለበት። በጤና ተቋም የሚሠራ፣ ጽዳት ሠራተኞችን ጨምሮ፤ ቆሻሻ ውስጥ ያለ መርፌ ብዙ ጊዜ የሚወጋው እነሱን ነው። ምርመራው ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ያልቃል። ነፃ ከሆኑ ሦስት ዶዝ ክትባት ይጠይቁ፤ ከተገኘብዎት ወረቀቱን አጥፈው ኪስ ውስጥ ሳያስቀሩ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይዘውት ይሂዱ፣ ቤተሰብዎንም ይዘው።